የሙያ ዋጋ፦ የእጅ ሥራ ከጓዳ እስከ ባዛር ጠረጴዛ

በአማርኛ «ሙያ» የሚለው ቃል በሁለት አገባብ ይነገራል። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ተቋም ሲነሣ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበትንና ደመወዝ የሚከፈልበትን የሥራ ዘርፍ ያመለክታል፤ «ባለሙያ ሴት» ሲባል ግን ወጥ የምታጣፍጥ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ጥጥ የምትፈትል፣ መሶብና ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ትታሰባለች፣ ለዚህኛው ሙያ ደግሞ በልማድ የሚከፈለው ገንዘብ ሳይሆን ምርቃት ነው። ከምርቃቶቹ ሁሉ የሚታወቀው «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» የሚለው ሲሆን፣ ይህን የሚል ሰው የሠሪዋ ጣት ስንት ጊዜ እንደ ታጠፈና እንደ ተዘረጋ፣ ዕድሜዋ ሲገፋም ሕመሙ የት ላይ እንደሚሰማት አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው፣ ወይም ሊያውቀው የማይሻው፣ ይህ ሁሉ ድካም በብር ሲተመን ስንት እንደሚሆን ነው።

ሙያው ከጓዳ ወጥቶ፣ የብዙ ሴቶች እጅ በአንድነት ተደራጅቶ፣ በከተማ ባዛር ላይ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀርብ ይህን ጥያቄ ከእንግዲህ መሸሽ አይቻልም። ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው አዲስ አበባን ከብበው ባደጉት ከተሞች ነው። ሰንዳፋ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው ሜዳማ ደጋ ላይ ትገኛለች፤ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ ሲሆኑ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ተዘርግታለች። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማን ሲመሠርት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በውስጧ ተጠቃለዋል። አስተዳደራቸው ቢለያይም ለእጅ ሥራ ያላቸው አቀማመጥ ተመሳሳይ ነው፤ በጀርባቸው ሣሩን፣ ቆዳውንና የገጠሩን ሙያ የያዘ ገበሬ አለ፣ በፊታቸው ደግሞ እነዚህን ነገሮች ለዕለት አገልግሎት ሳይሆን ለበዓል፣ ለሠርግና ለሳሎን ጌጥ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ገዢ አለ።

«ባዛር» ከፋርስኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በትውልድ አገሩ ቋሚ ገበያን ሲያመለክት በኢትዮጵያ ግን ለጥቂት ቀናት ተተክሎ የሚነቀል፣ በተለይም በበዓላት ዋዜማ የሚደምቅ የሽያጭ ትርዒት መጠሪያ ሆኗል። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የኤግዚቢሽን ማዕከል የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ኤክስፖዎች መናኸሪያ ሆኖ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። በዙሪያው ከተሞች የሚዘጋጀው ባዛር መጠኑ ያንሳል፤ በሜዳ ወይም በመንገድ ዳር የሸራ ድንኳኖች ይደረደራሉ፣ ድምፅ ማጉያው ከማለዳ እስከ ምሽት ያስተጋባል፣ የሸማቾች ማኅበራት ዘይትና ዱቄት ያቀርባሉ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ሻጮች «በቅናሽ» እያሉ ይጣራሉ፣ የከተማው የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤትም ያደራጃቸውን ኢንተርፕራይዞች በአንድ ረድፍ ያሰልፋል። የእጅ ሥራ ማኅበራት ጠረጴዛ በአብዛኛው ከዚህ ረድፍ አይወጣም። ሕዝቡ ወደ ባዛሩ የሚመጣው ለዘይቱና ለዱቄቱ ነው፤ መሶብ ለመግዛት ብሎ ከቤቱ የሚነሣ ጥቂት ስለሆነ፣ ጠረጴዛው የሚኖረው ለሌላ ጉዳይ የመጣን እግር በማስቆም ነው።

ጠረጴዛውን የሚያሰናዱት ሴቶችም ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ትልቁ መሶብ ከነክዳኑ ከመሐል ይቀመጣል፤ እርሱ በዕለቱ ይሸጣል ተብሎ ብዙም አይጠበቅም፣ ሥራው ከሩቅ ዓይን መጥራት ነው። ከግራና ከቀኙ ሌማትና ሰፌድ ተደግፈው ይቆማሉ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ገንዘብ የሚያመጡት ትንንሾቹ ይደረደራሉ፦ ክዳን ያላት ትንሿ ጌጠኛ ስፌት ሙዳይ፣ ጀበና የሚቀመጥበት ክብ ማቶት፣ ፍየል ቆዳ የለበሰና የመንገድ ምግብ የሚያዝበት አገልግል፣ በቅርብ ዓመታት የተጨመሩት የቁልፍ ማንጠልጠያና የግድግዳ ጌጥ። በአንድ ጫፍ የተፈተለ ጥጥ ወይም ጋቢ፣ በሌላው ጫፍ ጨሌ ይኖራል። ገዢው በአማርኛም በኦሮምኛም ስለሚጠይቅ ሻጯም በሁለቱም ትመልሳለች፤ «ስንት ነው?» ብሎ የጀመረው ከኋላው በመጣው «ሜቃ?» ይከተላል፣ በዕድሜ የገፋችው ሻጭ ለአንዱ «እትዬ»፣ ለሌላው «አዴ» ናት።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ በአንድ ቀን የተሠራ አለመሆኑን ለመረዳት የስፌትን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ስፌት ስሙን ከልብስ ስፌት ጋር ቢጋራም ሥራው ፈጽሞ የተለየ ነው። የሣር እስር እንደ ገመድ ተይዞ ከመሐል ነጥብ ይነሣና እየተጠቀለለ ወደ ጠርዝ ይዞራል፤ አዲሱ ዙር ከሥሩ ካለው ጋር የሚያያዘው በላዩ በሚጠመጠም ሌላ ቀጭን ሣር ሲሆን፣ ሰፊዋ ወስፌ በሚባለው ሹል ብረት የታችኛውን ዙር ትበሳና ሣሩን አሾልካ ታጠብቀዋለች። በደጋው የሚታወቁት ሁለቱ የስፌት ሣሮች ስንደዶና አክርማ ናቸው። ሣሩ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ በውፍረቱ ይለያል፣ ጌጥ የሚወጣበት ድርሻ በፈላ ቀለም ውስጥ ይነከራል፤ እንዳይሰበርም በሥራ ጊዜ ይርሳል። የጌጡ ንድፍ በወረቀት ላይ አይሠራም፤ ቆጠራው በሰፊዋ ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ በአንድ ዙር የተሳሳተ ቁጥር ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ ይታያል፣ ያን ጊዜም ያለው አማራጭ መፍታት ነው። ወለሉ የተንጋደደ፣ ክዳኑ በገበታው ላይ ያልገጠመ መሶብ ልምድ በሌለው ዓይን ላይታይ ይችላል፤ ባለሙያዋ ግን ክዳኑን አንሥታ መልሳ ስትከድነው ከሚያሰማው ድምፅ ብቻ ትፈርዳለች።

የስንደዶ ለቀማ የሚደርሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በጳጉሜና በመስከረም ነው። ልጃገረዶች በሜዳና በጨፌ ዳር ሣር የሚለቅሙበት ይህ ወቅት የባዛሮች ሁሉ አለቃ የሆነው የእንቁጣጣሽ ባዛር የሚደራበትም ጊዜ ስለሆነ፣ በዓውደ ዓመት ጠረጴዛ ላይ የሚታየው መሶብ የተሰፋው በአምናው ሣር ነው፤ ማኅበሩም በሽያጭ በተጠመደበት ሳምንት ለከርሞ የሚሆነውን ሣር ካላሰባሰበ በሚቀጥለው ዓመት ከነጋዴ ለመግዛት ይገደዳል። ይህ ግድ በዙሪያው ከተሞች እየበረታ መጥቷል። ሣሩ ይበቅልበት የነበረው ጨፌና የእርሻ ዳር በፋብሪካ፣ በመኖሪያ ሠፈርና በመጋዘን ሲያዝ፣ ለእናቶች በነጻ ይገኝ የነበረው ጥሬ ዕቃ ለልጆቻቸው በእስር የሚገዛ ሸቀጥ ሆነ። ከተሜነት ለሰፊዋ ገዢ ሲያመጣላት ሣሯን ወስዶባታል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ዋጋ የመተመኑ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ሴት በቀን ሦስት ሰዓት እየሰፋች አንድ መሶብ በ40 ቀን ብትጨርስ የሥራው ጊዜ 120 ሰዓት ይሆናል። ለሣሩና ለቀለሙ 600 ብር አውጥታ መሶቡን በ3000 ብር ብትሸጠው የሚተርፋት 2400 ብር ነው፤ ለ120 ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ይደርሳታል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው እንጂ የአንድ ገበያ ዋጋ አይደሉም፤ ነገር ግን ይህን ማካፈል አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ የሠራች ማኅበር ጠረጴዛዋን ከዚያ በፊት ባየችበት ዓይን አታየውም። ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይኖራት የቆየች አገር ናት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም የሚያስችል ድንጋጌ ቢገባም፣ ሕጉ የሚመለከተው ተቀጣሪን ስለሆነ የራሷን መሶብ የምትሰፋ ሴት ከነጭራሹ በእርሱ አትታሰብም። የሰዓቷን ዋጋ የሚወስነው የገዢው ፊት ነው።

ገዢውም በክፋት አይከራከርም። «መጨረሻው ስንት ነው?»፣ «ትንሽ ቀንሺልኝ» የሚሉት ቃላት በኢትዮጵያ ገበያ የሰላምታ ያህል የተለመዱ ናቸው፤ «አያዋጣኝም» የሚለው የሻጯ መልስም እንዲሁ። ነገር ግን የሽንኩርት ነጋዴ «አያዋጣኝም» ስትል የገዛችበት ዋጋ አለ፣ ከዚያ በታች መውረድ ኪሳራ መሆኑን እርሷም ገዢውም ያውቃሉ። ሰፊዋ ግን የገዛችበት ዋጋ ብላ የምትጠቅሰው ሣሩንና ቀለሙን ብቻ ነው፤ ጊዜዋን «የገዛሁት» ልትለው አትችልምና መሬቱ ከእግሯ ሥር ይሸሻል። በዚህ ላይ የራስን እጅ ሥራ እያወደሱ ዋጋ መጥራት በአደግንበት የጨዋነት ልማድ ነውር ነው፤ ባለሙያ ሴት ስትመሰገን አንገቷን ደፍታ «ኧረ ምንም አይደል» እንድትል ተምራ አድጋለች። «ምንም አይደል» እያሉ 3000 ብር መጠየቅ ደግሞ አይገጥምም።

ማኅበር የሚጠቅመው፣ በዚህ ጽሑፍ አመለካከት፣ ከብድርና ከሥልጠናም በላይ በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በቡድን ጠረጴዛ ላይ የምትቆመው ሴት የምትሸጠው የጓደኛዋን መሶብ ነው። የራሷን ለማሞገስ ያፈረ አንደበቷ የሌላዋን ለማሞገስ ይፈታል፤ «ይሄኮ ሁለት ወር ፈጅቶባታል፣ ክዳኑን እስቲ ክደኝው» ስትል ምስክር እንጂ ጉረኛ አይደለችም። ዋጋውም ባለቤቲቱ በሌለችበት የተቆረጠ ስለሆነ «እኔ መቀነስ አልችልም፣ የማኅበሩ ነው» የሚል ጋሻ አላት። ሰው ለራሱ የማይሟገተውን ለሌላው ይሟገታል፤ በሽምግልናና በዋስትና የታወቀው ልማድ በባዛር ጠረጴዛም ይሠራል። ብዙ ጊዜ በሪፖርቶች ላይ የሚጻፈው «የገበያ ትስስር ተፈጠረላቸው» የሚለው ደረቅ ሐረግ ይህን ረቂቅ ጉዳይ ጨርሶ አያየውም።

ሠሪው ለራሱ ሥራ ለመናገር ማፈሩ በሴቶች ብቻ፣ በስፌትም ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የረጅም ታሪክ ውርስ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው ማኅበረሰቡ ያለ እነርሱ ማረስም መልበስም መብላትም ሳይችል «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ በእጁ የሚሠራን ሰው በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጁ መውጣቱ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል፣ ልማዱም በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ስፌትና ፈትል በየቤቱ የጨዋ ሴት ሙያ ተደርገው ስለሚቆጠሩ ከዚህ ንቀት ድነዋል፤ የዳኑት ግን ለገበያ ባለመውጣታቸው ነበር። የምትፈትል እመቤት ትከበራለች፣ ፈትሏን ተቀብሎ ወደ ሸማ የሚለውጠውና በዚያ የሚተዳደረው ሸማኔ ግን ይናቃል፤ ሥራው አንድ የጥጥ ክር ሆኖ ሳለ ክብሩን የለየው ዋጋ የሚቀበል እጅ መሆንና አለመሆን ነው። ባዛር የወጣች ሰፊ ይህን መስመር ስትሻገር የሚሰማት እፍረት ከየት እንደ መጣ የሚታወቀው ይህ ሲታሰብ ነው።

ስለዚህም የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን ወደ ገዢ የደረሰው በሦስተኛ ወገን በኩል ሆነ። በ1927 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ከእቴጌ መነንና ከልዕልት ፀሐይ ስም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የሴቶችን የእጅ ሥራ ከበጎ አድራጎት ጋር አገናኘ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. የዕደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅትን፣ በምህጻሩ ሃሲዳን፣ አቋቁሞ ባለ እጆችን በኅብረት ሥራ አሰባሰበ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ አወጣ፣ በተከታዩ ዓመትም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ታወጀ። ዛሬ በሰንዳፋም ሆነ በሰበታ «ተደራጁ» የሚለው ቃል የሚነገርበት አኳኋን፣ ባዛሩ ላይ ያለው ረድፍና አርማ ሳይቀር፣ የእነዚህ ፖሊሲዎች ልጅ ነው።

ሴቶችን በእጅ ሥራ ለማደራጀት በአካባቢው ከተሠሩት ሁሉ አብነት የሚሆነው ከሱሉልታ በእንጦጦ ማዶ ያለው ነው። በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነ ወዲህ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው እያዘሉ ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሴቶች የተራራው መለያ ሆነው ነበር፤ በደን ጠባቂዎች ይባረሩ፣ እንጨታቸው ይወረስ፣ ወገባቸው ይጎብጥ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእነዚህን ሴቶች ኑሮ አስጠንቶ አሳተመ፤ ከዚያ ሥራ በኋላም የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተመሥርቶ አባላቱ በሽመናና በሌላ የእጅ ሥራ መተዳደር ጀመሩ። በዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ነገር አለ፤ በኢትዮጵያ ደጋ ልማድ ጥጥን ባዝቶ በእንዝርት መፍተል የሴት፣ ድሩን ወጥሮ በመወርወሪያ ማግ እያስገቡ መሸመን የወንድ ሥራ ነው። ሽሮ ሜዳን የሽመና መንደር ያደረጉት ከጋሞ ተራሮች የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችም ወንዶች ናቸው። የእንጦጦዎቹ ሴቶች በሽመና ዕቃ ላይ ሲቀመጡ ከሸክሙ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ክፍፍልም ወጡ፤ ሻርፕ ለመሸጥ ከጠረጴዛ ጀርባ ሲቆሙም የፈተለችው፣ የሸመነችውና የሸጠችው ሴት በአንድ ማኅበር ተገናኙ።

ከእንጦጦ ግርጌ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ሌላ መንገድ ሄደዋል። ጀበና፣ ድስትና ምጣድ የሚሠሩት እነዚህ ሴቶች የ«ቡዳ»ን ስም ከሰፊዋ ይልቅ በቀጥታ የተሸከሙ ናቸው፤ ለእነርሱ የጋራ መሥሪያና መሸጫ ቦታ ማግኘት ገዢው ራሱ ወደ ሥራቸው እንዲመጣ አድርጓል። ሸክላ ለባዛር አይመችም። በጭድ ተጠቅልሎ ተጭኖ፣ ወርዶ፣ ሳይሸጥ ሲቀር ደግሞ ተጭኖ በሚመለስበት ጊዜ የሚሰበረው ከሚሸጠው ትርፍ ይበላል፤ ስፌት ግን ቢወድቅም አይሰበርም፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይሄዳል። የሰንዳፋ ዓይነት ከተሞች ባዛር ላይ ስፌት የሚበዛው አንድም በዚህ ተራ ምክንያት ነው።

የጠረጴዛው የውስጥ ሥርዓት ሲታይ ከእድርና ከእቁብ የተወረሰው ብዙ ነው። አባላት ተራ ይገባሉ፣ ተራዋ ደርሶ የቀረች መቀጫ ትከፍላለች፣ የለቅሶ ፈቃድ ያለ ጥያቄ ይሰጣል። እያንዳንዱ ዕቃ በባለቤቷ ስም በደብተር ይመዘገባል፤ በሚገባ የተደራጀ ማኅበር በዕቃው ሥር ቁጥር ያለው ቁራጭ ወረቀት ያስራል፣ ዕቃው ሲሸጥ ወረቀቱ ይበጠስና በጣሳ ይጠራቀማል፣ ማታ ወረቀቱና ገንዘቡ ይመሳከራል። ከሽያጩ ላይ ለማኅበሩ የሚቀረው ድርሻ ለድንኳን፣ ለመጓጓዣና ለቀለም በጅምላ መግዣ ይውላል። ጭቅጭቅ የሚነሣው በዚህ ድርሻ ላይ አይደለም፤ ዕቃ ከፊት ለፊት በሚደረደርበት ተራ ላይ ነው። የማን ሙዳይ ከፊት፣ የማን ከኋላ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አይገኝም፣ ጓደኝነትን ግን ከማንኛውም የደንብ አንቀጽ በላይ ይፈትናል።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ገዢው ጥሬ ገንዘብ ሳይይዝ ይመጣና በስልክ ልክፈል ይላል፤ ገንዘቡ በማን ስልክ ይግባ? በማኅበሩ ስም የተከፈተ የነጋዴ ሒሳብ ካለ መልካም፣ ከሌለ ግን ገንዘቡ ቅልጥፍና ባላት አንዲት ወጣት አባል ስልክ ውስጥ ይጠራቀማል። ማንበብ የማይችሉት አንጋፎቹ ባለሙያዎች በጣሳው ውስጥ ያለውን ወረቀት ቆጥረው ያምኑ ነበር፤ በስልክ መስታወት ላይ የሚታየውን ቁጥር የሚያምኑት ግን በልጅቱ ታማኝነት ልክ ነው። አንዳንድ ማኅበራት ማታ ላይ የደረሱትን መልእክቶች ጮክ ብለው በማንበብና በደብተር በመገልበጥ ይህን ክፍተት ይደፍናሉ፤ ቴክኖሎጂውን ወደ እቁብ ስብሰባ መልሰውታል ማለት ነው።

ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ውድድርም ተለውጧል። የፕላስቲክ መሶብ ከገባ ቆይቷል፤ ከእርሱ የባሰው ግን ጥለትን ለመምሰል በማሽን የታተመው ጨርቅ ነው፣ ምክንያቱም ፕላስቲክን ገዢው በዓይኑ ይለየዋል፣ የታተመ ጥለትን ግን ከሁለት እርምጃ ርቆ ላይለየው ይችላል። ሻጯ ጨርቁን ገልብጣ የውስጡን ፊት ማሳየት ትጀምራለች፤ በእጅ የተሸመነ ጥለት ከጀርባውም ክሩ ይታያል፣ የታተመው በአንድ ፊቱ ብቻ ይደምቃል። በዚህ ላይ የሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ከውጭ የሚገባውን ቀለምና የሚያብረቀርቀውን ሳባ ክር አስወደደ። ለማኅበራቱ መልካም ዜና የሆነው በኦሮሞ የምስጋና በዓል በኢሬቻ በኩል የመጣው ነው፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም. ወደ ሆራ ፊንፊኔ ከተመለሰ ወዲህ መስከረም ላይ የባህል ልብስ የሚፈልግ ሕዝብ በዝቷል፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ በጥቁር፣ በቀይና በነጭ የተጠለፈ ልብስና የጨሌ ሥራ ከመሶቡ እኩል ጠረጴዛውን ይዟል። ነባሮቹ ሰፊዎች ይህን በሙሉ ደስታ አይቀበሉትም፤ ጨሌ በሳምንት ተሠርቶ ያልቃልና ወጣቶቹ ወስፌውን እየጣሉ ወደ መርፌና ክር ዞረዋል።

ሥራን ከሠሪው ይልቅ ሌላ ሰው ይሽጥለት የሚለው አሠራር በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1946 ኤድና ሩት ባይለር የተባለች አሜሪካዊት የፖርቶ ሪኮ ሴቶችን ጥልፍ በመኪናዋ ሻንጣ እየያዘች መሸጥ ጀመረች፣ ከዚያም ቴን ታውዘንድ ቪሌጅስ የተባለው የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ተወለደ። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዘር ፍጅት በኋላ መበለቶች በአንድነት ተቀምጠው የሰፏቸው አጋሴኬ የሚባሉ ክዳናማ ቅርጫቶች በጋሃያ ሊንክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው ሜሲስ መደብር ደረሱ። አጋሴኬ ከሙዳይ ጋር እህትማማች ነው ቢባል የሚከራከር አይኖርም። ልዩነቱ የሩዋንዳው ቅርጫት ለሩቅ ገዢ በአንድ ልክ፣ በአንድ ቀለም፣ በብዛት እንዲሰፋ መደረጉ ነው፤ የሰንዳፋ ዓይነት ባዛር ላይ ግን ሁለት አንድ ዓይነት ሙዳይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ለላኪ ድክመት ነው፤ ለሠርግ ስጦታ የምትመርጥ እናት ግን የምትፈልገው ይህንኑ ነው፣ ባዛሩም እስካሁን የሚኖረው ከላኪው ይልቅ በእርሷ ነው።

በባዛሩ መዝጊያ ማታ ድምፅ ማጉያው ሲጠፋ የሸራው ድንኳን መፍረስ ይጀምራል። ሙዳዮቹ በሌማቱ ላይ፣ ሌማቱ በሰፌዱ ላይ ይደራረባል፣ የተበጠሱት ወረቀቶች ከጣሳው ወጥተው በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ፣ የስልኩ መልእክት እየተነበበ ደብተሩ ይሞላል። ትልቁ መሶብ ሳይሸጥ ይቀራል። ያልተበጠሰው ወረቀቱ እንደ ታሰረ፣ ዋጋውም ሳይፋቅ፣ ክዳኑ በነጠላ ይታሰርና ለገና ባዛር እስኪወጣ ድረስ በማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት፣ ልጆች በማይደርሱበት የቁም ሣጥን አናት ላይ ይቀመጣል።